የመግቢያው በርና ሁለተኛው በር፦ የጥናት መስክን በስልት ስለመምረጥ

በደማም፣ በኮባርና በዳህራን የምትኖሩ ወላጆችና ተማሪዎች፣ ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ጉዳይ በብዙ ቤት ውስጥ በዚህ ሰሞን የሚነሣ ጥያቄ ነው፤ ልጃችን ተፎካካሪ ለበዛባቸው ዩኒቨርሲቲዎች ሲያመለክት፣ «ምን ልታጠና አስበሃል?» በሚለው ቦታ ላይ የትኛውን መስክ ቢሞላ የመግባት ዕድሉ ይሰፋል? ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ ግን ግማሽ ጥያቄ ነው ባይ ነኝ። ሌላው ግማሽ፣ ልጁ በዚያ መስክ ከገባ በኋላ ምን ይገጥመዋል የሚለው ነው። ንግግሬን በሦስት ከፍዬ አቀርባለሁ። በመጀመሪያ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ የሚቀበሉባቸውን መንገዶች እንለያለን፤ ቀጥሎ ብዙ ሰው ስልት የሚለው አቋራጭ ለምን እንደማያዋጣ እናያለን፤ በመጨረሻም ስልት መባል የሚገባውን ምርጫ አስረድቼ፣ ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎችን እመልሳለሁ።

ወደ መጀመሪያው ክፍል ከመግባቴ በፊት ጥያቄው ከየት እንደሚመጣ ላስታውስ። እዚህ ያለ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ልጁ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲደርስ በአንድ ጊዜ ወደ ብዙ አገር ያያል። ወደ አገር ቤት ሲያይ የሚያገኘው ጠባብ መግቢያ ነው። የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ከወሰዱት ከ896 ሺሕ በላይ ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ፣ ማለትም 3.3 ከመቶ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ቢሻሻልም በ2017 ዓ.ም. የደረሰው 8.4 ከመቶ ላይ ነው። በምንኖርበት በሳውዲ ዓረቢያ ደግሞ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለውጭ ዜጋ የሚሰጡት ቦታ ውስን ነው። ስለዚህ ዓይን ወደ ባሕሬን፣ ወደ ኳታር፣ ወደ እንግሊዝ፣ ወደ ካናዳና ወደ አሜሪካ ይሄዳል። ችግሩ እነዚህ አገሮች «የጥናት መስክ» ለሚለው አንድ ጥያቄ የሚሰጡት ክብደት ፈጽሞ የተለያየ መሆኑ ነው። አንዱ ዘንድ የተሞላው መልስ ዕጣ ፈንታን ይወስናል፤ ሌላው ዘንድ ከአስተያየት አያልፍም።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ክፍል እንግባ። ዩኒቨርሲቲዎችን ከአቀባበላቸው አንጻር በሦስት መመደብ ይቻላል። የመጀመሪያዎቹ ተማሪውን ለዩኒቨርሲቲው ይቀበላሉ፤ መስኩን በኋላ ይመርጣል። የአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ. ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በማመልከቻው ላይ ስለ ፍላጎት ይጠይቃል፣ ግን ለዲፓርትመንት ብሎ ማንንም አይቀበልም፤ የገባ ተማሪ የመጀመሪያውን ዓመት ጨርሶ የፈለገውን መስክ ይመርጣል። ሃርቫርድና ዬልም ተማሪው መስኩን በይፋ እንዲያሳውቅ የሚጠይቁት በሁለተኛው ዓመት ነው። ሁለተኛዎቹ ተማሪውን በቀጥታ ለመስኩ ይቀበላሉ። እንግሊዝ አገር ሥርዓቱ በሙሉ እንዲህ ነው። ዩካስ በሚባለው የአገሪቱ የጋራ ማመልከቻ ማዕከል በኩል የሚያመለክት ተማሪ አምስት ምርጫ አለው፤ ሕክምና ከሆነ ከአምስቱ ለሕክምና ማዋል የሚችለው አራቱን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2026 ከሚገቡት ተማሪዎች ጀምሮ ተማሪው ስለ ራሱ የሚጽፈው የግል መግለጫ በሦስት ጥያቄዎች ተከፍሏል፤ የመጀመሪያውም «ይህን ትምህርት ለምን መረጥክ?» የሚል ነው። መግለጫው አንድ ሆኖ ለአምስቱም ምርጫዎች ስለሚላክ፣ በአንዱ ኢንጂነሪንግ በሌላው ሕግ መሙላት ራስን በራስ መቃወም ይሆናል።

ሦስተኛዎቹ መሐል ላይ ያሉት ናቸው፤ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። እነዚህ ሁለት በር አላቸው። በመጀመሪያው ወደ ግቢው ይገባል፤ በሁለተኛው ወደ መስኩ። የቅርባችንን እንይ። ዳህራን ኮረብታ ላይ ያለው የንጉሥ ፋህድ የፔትሮሊየምና ማዕድናት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1963 በኮሌጅነት ተመሥርቶ በ1975 ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ሴቶችን በመጀመሪያ ዲግሪ መቀበል የጀመረው በ2021 ነው። ተማሪው ወደ መስኩ ከመግባቱ በፊት እንግሊዝኛና ሒሳብ የሚበዛበትን የመሰናዶ ዓመት ያልፋል። ደማም ያለው የኢማም አብዱራሕማን ቢን ፈይሰል ዩኒቨርሲቲም፣ ማለትም የቀድሞው የደማም ዩኒቨርሲቲ፣ የመሰናዶ ዓመቱን በጤና፣ በኢንጂነሪንግና በመሳሰሉት ዘርፎች ከፍሎ ያስተምራል፤ ሕክምና ወይም ጥርስ ሕክምና የሚደርሰው ማን እንደሆነ የሚለየው በዚያ ዓመት ውጤት ነው። እንግዲህ ወላጅ «ልጄ የጤና ዘርፍ ገባ» ብሎ ድግስ ሲደግስ ልጁ ገና ሁለተኛው በር ፊት ቆሟል ማለት ነው። ይህ አሠራር ለእኛ ባዕድ አይደለም። አገር ቤት የፍሬሽማን ዓመት በ2012 ዓ.ም. ከተመለሰ ወዲህ ተማሪው የጋራ ኮርሶችን ወስዶ፣ በውጤቱና በምርጫው ዲፓርትመንት ይመደባል።

ሁለተኛው በር በሰሜን አሜሪካ ትልልቅ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ ይበልጥ እየጠበበ መጥቷል። ለዚህ ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚፈልገው ተማሪ ቁጥር ከመምህሩና ከወንበሩ ቁጥር እጅግ በለጠ። በርክሌይ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቀድሞ ማንም የሥነ ጽሑፍና ሳይንስ ኮሌጅ ተማሪ የመጀመሪያ ኮርሶቹን በጥሩ ውጤት ካለፈ ወደ ኮምፒውተር ሳይንስ እንዲገባ ይፈቅድ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ግን ይህን መስክ በማመልከቻው ላይ ላልመረጠ ሰው በኋላ መግባት እጅግ አስቸጋሪ ሆኗል። የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ልዩነቱን በቁጥር ያሳየናል። ዩኒቨርሲቲው በጠቅላላ ከአመልካቾቹ ከሲሶ በላይ የሚሆኑትን ሲቀበል፣ የኮምፒውተር ሳይንስ ክፍሉ ግን ከአሥር አንዱን እንኳ አይቀበልም። በአንድ ግቢ፣ በአንድ ስም ሥር፣ አንዱ መግቢያ ሰፊ ሌላው መርፌ ቀዳዳ ነው።

የኳታሩን የትምህርት ከተማም ልጨምር፤ ከዚህ በመኪና የሚደረስበት ስለሆነ ብዙዎቻችሁ ታስቡታላችሁ። እዚያ ያሉት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ቅርንጫፎች እያንዳንዳቸው የሚያስተምሩት ጥቂት መስክ ነው። ዋይል ኮርኔል ሕክምና፣ ጆርጅታውን የዓለም አቀፍ ግንኙነት ትምህርት፣ ኖርዝዌስተርን ጋዜጠኝነትና ተግባቦት፣ ቨርጂኒያ ኮመንዌልዝ ኪነ ጥበብና ዲዛይን፣ ካርኔጊ ሜለን ኮምፒውተር ሳይንስ፣ ቢዝነስና ባዮሎጂን የመሳሰሉትን። ዩኒቨርሲቲውን መምረጥ መስኩን መምረጥ ነው። ኢንጂነሪንግ ያስተምር የነበረው ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ደግሞ የበላይ ቦርዱ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 ባሳለፈው ውሳኔ መሠረት ቅርንጫፉን እስከ 2028 ይዘጋል። የተማሪው ሐሳብ በሁለተኛው ዓመት ቢለወጥ በዚያው ግቢ ውስጥ የሚዞርበት ቦታ ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ክፍል ልለፍ። ብዙ ጊዜ ስልት ተብሎ የሚመከረው እንዲህ ያለ ነው፤ «ኮምፒውተር ሳይንስ ሰው በዝቶበታል፤ ፍልስፍና ወይም የጥንት ቋንቋዎች ሙላና ግባ፤ ከገባህ በኋላ ትቀይራለህ።» ይህ ምክር በሦስቱም ዓይነት ዩኒቨርሲቲዎች ሲመዘን ሚዛን አይደፋም። መስክን ለመቀበያ መሠረት የማያደርጉት ዘንድ ጥቅሙ ኢምንት ነው፤ በር ሳይኖር ቁልፍ መፈለግ ነውና። በቀጥታ ለመስኩ የሚቀበሉት ዘንድ አደጋ ነው፤ በእንግሊዝ ፍልስፍና ብሎ የገባ ልጅ ሦስት ዓመት ፍልስፍና ሊማር ነው። ሁለት በር ያላቸው ዘንድ ደግሞ ከሁሉ ይከፋል፤ ምክንያቱም በአቋራጭ የሚፈለገው መስክ ያው ተፈላጊው መስክ ስለሆነ፣ ሁለተኛው በር የሚዘጋው በትክክል እዚያ ላይ ነው። በርክሌይ ከእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ወደ ታሪክ መሻገርን አያስቸግርም። የሚያስቸግረው አቋራጩን የፈለገው ልጅ ሊሻገርበት ወዳሰበው መስክ ነው። እንግዲህ ምክሩ የሚሠራው ለማያስፈልገው ሰው ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

አቋራጩ ሌላም ድክመት አለው፤ የልጁ የማመልከቻ ማኅደር ያጋልጠዋል። ማመልከቻ የሚያነብ ባለሙያ አንድ መስመር ብቻ አያይም። ትራንስክሪፕቱን፣ የመምህራንን ደብዳቤ፣ ልጁ ከክፍል ውጭ የሠራውን፣ የጻፈውን ድርሰት አንድ ላይ ያያል። አራት ዓመት ሙሉ ሮቦት ሲገጣጥም የኖረ፣ አንድም የቋንቋ ወይም የታሪክ ሥራ የሌለው ልጅ በድንገት «የጥንት ቋንቋዎች» ብሎ ቢሞላ፣ አንባቢው የሚጠይቀው «ይህ ከየት መጣ?» ብሎ ነው። ባዶ ነው የተባለው መስክ ጥቂት አመልካች ያለው ቢሆንም፣ እነዚያ ጥቂቶች አብዛኛውን ጊዜ መስኩን ከልባቸው የያዙ ናቸው። ከእነሱ ጋር መወዳደር ቀላል አይደለም።

ከአገራችን ታሪክም የምንማረው አለ። መንግሥት ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከዩኒቨርሲቲ ገቢዎች 70 ከመቶው ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 ከመቶው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደብ ወስኖ ነበር። ዓላማው ለኢንዱስትሪ የሚሆን የሰው ኃይል ማፍራት ነበር፤ መጥፎ ዓላማ አልነበረም። ሆኖም ወንበር ስላለ ብቻ የተመደበ ተማሪ መስኩን እንደራሱ ይዞት ይማራል ማለት አይደለም። ትናንት በመንግሥት ኮታ የተደረገውን ዛሬ ወላጅ በቤቱ በገዛ ፈቃዱ ቢደግመው፣ ልዩነቱ ወሳኙ ማን ነው የሚለው ላይ ብቻ ይሆናል። ቦታ አለ ተብሎ የተሞላ መስክ በሁለቱም መንገድ ያው ነው።

ወደ ሦስተኛው ክፍል ደርሰናል፤ ታዲያ እውነተኛው ስልት የቱ ነው? ነገሩን ጨብጠን እንድናየው አንድ ማኅደር በሐሳባችን እንክፈት። ተማሪዋ ሒሳብ 96፣ ፊዚክስ 93፣ ኬሚስትሪ 84፣ ባዮሎጂ 77 አላት እንበል። አማርኛ ከቤቷ፣ ዓረብኛ ከኑሮዋ፣ እንግሊዝኛ ከትምህርት ቤቷ ይዛለች። ቤተሰቡ ሐኪም እንድትሆን ይፈልጋል። ከኮባር ተነሥቶ 25 ኪሎ ሜትር የሚረዝመውን የንጉሥ ፋህድ ድልድይ ለተሻገረ፣ ባሕሬን ውስጥ የአየርላንድ የቀዶ ሕክምና ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2004 የከፈተው የሕክምና ዩኒቨርሲቲ አለ። እዚያ ብታመለክት ግን የሚመዘነው ባዮሎጂዋና ኬሚስትሪዋ ነው፤ ማለትም ደካማው ጎኗ። እዚህ ሳውዲ ታህሲሊ የሚባለው የመግቢያ ፈተናም ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂን ስለሚያካትት ጉድለቱ አይደበቅም። ያው ማኅደር ለኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ወይም ለአፕላይድ ሒሳብ ሲቀርብ ግን ሌላ ሰው ያሳያል። ማኅደሩ የሚመሰክርለትን መስክ መምረጥ ማታለል አይደለም፤ እውነቱን በሚያበራው በኩል ማቅረብ ነው።

ይህችው ተማሪ ሌላም ነገር አላት፤ ሁለት የሴም ቋንቋዎችን በአፍም በጽሑፍም ታውቃለች። ኢሊኖይ ኮምፒውተር ሳይንስን ከሥነ ልሳን፣ ከሙዚቃ፣ ከሥነ ፈለክ፣ ከሰብል ሳይንስ ጋር ያጣመሩ ዲግሪዎች አሉት። ለአማርኛ ጽሑፍ የሚሆን ፊደል አንባቢ ፕሮግራም ለመሥራት ሞክራ ከሆነ፣ ኮምፒውተር ሳይንስና ሥነ ልሳን የሚለው ጥምረት ለእሷ ማስመሰያ ሳይሆን እውነተኛ ስሟ ነው። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲም ድምፃዊው አቤል ተስፋዬ እ.ኤ.አ. በ2016 በሰጠው 50 ሺሕ ዶላር ጭምር ተደግፎ የግዕዝ ትምህርት ከፍቷል። ግን ልብ በሉ፤ በዚያው ቶሮንቶ ከኮምፒውተር ሳይንስ ምድብ ውጭ የገባ ተማሪ በኋላ ወደ መስኩ የሚገባው በውድድር፣ በጥቂት ቦታ ነው። ስለዚህ ግዕዝ የሚወድ በግዕዝ ይግባ፤ ኮምፒውተር የሚፈልግ ግዕዝን መሸጋገሪያ አድርጎ አይቁጠር።

ከዚህ ምሳሌ ሦስት መለኪያዎችን ማውጣት እንችላለን። አንደኛ፣ ልጁ ሳይቀይር እስከ መጨረሻው ሊማራቸው የሚፈቅዳቸውን ሁለት ወይም ሦስት መስኮች ይለይ፤ ስልት የሚጀምረው በእነዚህ መካከል ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ከነዚህ ውስጥ ማኅደሩ የቱን ይበልጥ ይመሰክራል ብሎ ይመርምር። ሦስተኛ፣ በእያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛውን በር ያጣራ፤ ቅያሬ በነጻ ነው? በውጤት ነው? ወይስ ዝግ ነው? ስለዚህ ለአንዱ ዩኒቨርሲቲ ኢንጂነሪንግ፣ ለሌላው ፊዚክስ መሙላት ሊኖር ይችላል። በአሜሪካ ኮመን አፕ የሚባለው የጋራ ማመልከቻ እስከ 20 ኮሌጅ ድረስ ማመልከት ስለሚፈቅድና ለየኮሌጁ የተለየ ጥያቄ ስላለው፣ ይህ የሚቻል ነው። በዩካስ ግን አይቻልም ማለት ይቀላል።

በዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ይጨመሩ፤ ገንዘብና ከምረቃ በኋላ ያለው ሥራ። በርክሌይ ለውጭ ተማሪ በዓመት ከ70 ሺሕ ዶላር በላይ ይጠይቃል። አንድ ዶላር 3.75 ሪያል ስለሆነ ይህ ከ262 ሺሕ ሪያል ይበልጣል፤ ለውጭ ዜጋ የሚሰጠው እርዳታም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ለእያንዳንዱ የቤተሰቡ አባል በወር 400 ሪያል ለሳውዲ መንግሥት የሚከፍል ወላጅ እዚያ መስክ ሲያማርጥ ቢውል ትርፉ ድካም ነው። በአንጻሩ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተንና ኤም.አይ.ቲ. የውጭ አመልካችን የመክፈል አቅም ለመቀበያ መለኪያ አያደርጉም፣ ለተቀበሉትም የሚጎድለውን ይሞላሉ። የሚያስገርመው፣ ገንዘብ የሚሰጡት እነዚሁ መስክን ለመቀበያ መሠረት የማያደርጉት መሆናቸው ነው። ሥራውን በተመለከተም፣ የአሜሪካ ሕግ ለውጭ ምሩቅ የ12 ወር የሥራ ፈቃድ ይሰጣል፤ በሳይንስና ቴክኖሎጂ ዝርዝር ውስጥ ለተመዘገበ ዲግሪ 24 ወር ይጨምራል። ኢኮኖሚክስ በአንዱ ዩኒቨርሲቲ በዝርዝሩ ውስጥ፣ በሌላው ውጭ ሊሆን ይችላል። ስሙ አንድ፣ የሚሰጠው ዕድል ግን የአንድና የሦስት ዓመት ልዩነት አለው።

አሁን ተቃውሞዎቹን ልመልስ። የመጀመሪያው፣ «ልጅ የሚወደውን ይማር እንጂ ስሌት ምን ያደርጋል?» የሚል ነው። ፍቅርን አልቃወምም፤ መለኪያዬም የሚጀምረው ልጁ ሊማር በሚፈቅደው ነው። ነገር ግን አሥራ ሰባት ዓመት የሆነው ልጅ የሚያውቀው ትምህርት ቤቱ ያሳየውን ብቻ ነው። ሥነ ልሳን፣ ስታትስቲክስ፣ የሕዝብ ጤና የሚባሉ መስኮችን ስማቸውን ሰምቶ የማያውቅ ልጅ አይወዳቸውም ማለት አንችልም። ስሌት ፍቅርን አይተካም፤ የሚመረጡትን ያበዛለታል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፤ «ለስደተኛ ቤተሰብ ምርጫ ቅንጦት ነው፤ ሐኪም ወይም ኢንጂነር ሆኖ ቤቱን ያንሣ።» የዚህ ሐሳብ መነሻ ፍርሃት ነው፤ ፍርሃቱም መሠረት አለው። ይሁን እንጂ መደምደሚያው አይከተልም። በዚሁ በሳውዲ አንዳንድ የኢንጂነሪንግ፣ የፋርማሲ፣ የጥርስ ሕክምናና የሒሳብ አያያዝ ሥራዎች የተወሰነ ድርሻቸው ለዜጎች እንዲሆን በሕግ ተደንግጓል። «አስተማማኝ» የምንለው መስክ እዚህ ላለ የውጭ ዜጋ ያን ያህል አስተማማኝ ላይሆን ይችላል። በአሜሪካ ደግሞ ሕክምና የሚገባው የመጀመሪያ ዲግሪ ከተያዘ በኋላ ስለሆነ፣ «ሕክምና» ተብሎ የሚሞላ ሣጥን በመጀመሪያው ማመልከቻ ላይ በአብዛኛው የለም። ፍርሃት መልስ የሚያገኘው በመስኩ ስም ሳይሆን ዲግሪው በየትኛው አገር ምን እንደሚያስሠራ በማጣራት ነው።

ሦስተኛው፣ «ትልቅ ስም ያለው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማንኛውም መስክ ይሻላል» የሚል ነው። ለአንዳንድ ልጆች እውነት ነው፤ በተለይ ፍላጎቱ ሰፊ ለሆነ ልጅ፣ የመጀመሪያውን በር ያለፈ ሁሉ መስክ መምረጥ በሚችልበት ግቢ። ሁለተኛው በር በተዘጋበት ግን ልጁ በየቀኑ የሚቀመጠው በክፍሉ ውስጥ እንጂ በዩኒቨርሲቲው ስም ውስጥ አይደለም። መስኩን ጠልቶ ዝቅተኛ ውጤት ያመጣ ተማሪ ቀጣዩን ዲግሪ የሚፈልገው በዚያው ውጤት ነው።

ወላጆች ሆይ፣ የዩካስ የኦክስፎርድ፣ የካምብሪጅና የሕክምና ማመልከቻ የሚዘጋው በኦክቶበር አጋማሽ፣ የአሜሪካ ብዙ ኮሌጆች ቀዳሚ ዙር በኖቬምበር መጀመሪያ ነው። ከዚያ በፊት ልጆቻችሁን አስቀምጣችሁ፣ ለየዩኒቨርሲቲው የመግቢያ ክፍል በእጃቸው ደብዳቤ አስጽፏቸው፤ «በዚህ መስክ ገብቼ ሐሳቤን ብቀይር፣ ወደ የትኞቹ መስኮች፣ በምን ሁኔታ መሻገር እችላለሁ?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ በጽሑፍ ይምጣ፤ ከማመልከቻው ጋር ይቀመጥ። ተማሪዎች ሆይ፣ መልሱን አንብባችሁ፣ ሁለተኛው በር ቢዘጋ እንኳ የማታዝኑበትን መስክ ሙሉ።